የእንግሊዝ ዘውድ እንዴት ቆየ?

በለንደን ፓርላማው አዲስ የሥራ ዘመን በሚጀምርበት ቀን ንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ በአልማዝ ያሸበረቀ ዘውድ ደፍተው፣ የካባቸውን ጫፍ ልጆች እየያዙላቸው፣ በጌቶች ምክር ቤት ዙፋን ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ የታችኛው ምክር ቤት አባላት መጥተው እንዲያዳምጡ መልእክተኛ ይላካል። መልእክተኛው ደጃፉ ላይ ሲደርስ በሩ ፊቱ ላይ ድርግም ተደርጎ ይዘጋበታል። በጥቁር በትሩ ሦስት ጊዜ ካንኳኳ በኋላ ነው የሚከፈትለት። አባላቱ መጥተው ቆመው ያዳምጣሉ፤ ንጉሡም «መንግሥቴ ይህን ይሠራል፣ ያንን ሕግ ያወጣል» እያሉ ያነባሉ። ከሚያነቡት ውስጥ የእርሳቸው የሆነች አንዲት ዐረፍተ ነገር የለችም። ንግግሩን የጻፈው በምርጫ አሸንፎ ሥልጣን የያዘው ካቢኔ ነው። ንጉሡ ሐሳቡን ቢወዱትም ቢጠሉትም ድምፃቸውን ሳይለውጡ ማንበብ ግዴታቸው ነው።

ስለ እንግሊዝ ንጉሣውያን ቤተሰብ ሠርግና ጠብ ያልሰማ የለም። ስለ ዘውዱ ሲነሣ ግን ደጋግሞ የሚመጣው ጥያቄ «ሥልጣን ከሌለው ለምን ኖረ?» የሚለው ነው። የኖረው ሥልጣኑን ስላጣ ነው ብዬ አምናለሁ። የፈረንሳይ፣ የሩሲያ፣ የጀርመን፣ የኦስትሪያ፣ የእኛም አገር ዘውድ ሙሉ ሥልጣኑን እንደ ጨበጠ በአንድ ዘመን ወደቀ። የእንግሊዙ በየትውልዱ አንድ አንድ ነገር እየተወሰደበት፣ አንዳንዴ በጦርነት፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ በገንዘብ ችግር፣ ሥልጣኑ ወደ ፓርላማው ተሻገረ። ዛሬ ቱሪስት የሚያያቸው ብዙዎቹ ሥነ ሥርዓቶች የዚያ ርክክብ ምልክቶች ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሥታቱ ሐረግ ከዌሴክስ የጥንት ገዥዎች ይጀምራል። ዛሬም ድረስ የንግሥ ሥርዓቱ መሠረት የሆነው በ973 ለንጉሥ ኤድጋር የተፈጸመው ነው፤ የተፈጸመውም በባዝ ከተማ ሲሆን፣ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ዓፄ ኃይለ ሥላሴ የስደት ዘመናቸውን ያሳለፉባት ያችው ባዝ ናት። በ1066 የኖርማንዲው ዊልያም አገሩን በጦር ያዘና በልደት ቀን በዌስትሚንስተር ገዳም ዘውድ ደፋ። ከዚያ ወዲህ የንግሥ ሥርዓት ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚካሄደው በዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ ርክክብ የተደረገው በ1215 ነው። ንጉሥ ጆን በፈረንሳይ ከነበረው ርስት አብዛኛውን አጥቶ፣ ለማስመለስ ባደረገው ዘመቻም ተሸንፎ፣ ለጦርነቱ ብሎ ባላባቶቹን በግብር አስመርሮ ነበር። እነርሱም ለንደንን ያዙና በቴምዝ ዳር ራኒሚድ በሚባል ሜዳ ላይ ማግና ካርታ በተባለው ሰነድ ላይ ማኅተሙን እንዲያሳርፍ አስገደዱት። ነጻ የሆነ ሰው ያለ ሕግ ፍርድ አይታሰርም፤ ንጉሡም የተወሰኑ ግብሮችን ያለ መኳንንቱ ምክር አይጥልም የሚል ቃል ሰፈረበት። ጆን ብዙም ሳይቆይ ቃሉን አጠፈ፤ ተከታዮቹ ግን ገንዘብ በፈለጉ ቁጥር ሰነዱን እያደሱ ለማጽደቅ ተገደዱ። ቀሪው ታሪክ በሙሉ በዚህ ገመድ ላይ የተሰካ ነው፦ ንጉሥ ሊዘምት ገንዘብ ይሻል፤ ገንዘብ ሲሻ የአገሩን ሰዎች ይጠራል፤ የተጠሩት ደግሞ ከመክፈላቸው በፊት ብሶታቸውን ያቀርባሉ። ፓርላማ የሚባለው ነገር ያደገው እንዲህ ነው። ስምንተኛው ሄንሪ እንኳ በ1534 ከሮም ተለይቶ ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የበላይ ሲያደርግ፣ ያን የሚያህል ጉልበት እያለው፣ ነገሩን ያስፈጸመው በፓርላማ ሕግ ነበር።

በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። እንግሊዞችም እስከ 1649 ድረስ ከዚህ ብዙ የራቀ እምነት አልነበራቸውም። ቀዳማዊ ቻርልስ ሥልጣኑን ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበለና ለምድራዊ ዳኛ እንደማይጠየቅ ከልቡ ያምን ነበር። ከ1629 ጀምሮ 11 ዓመት ፓርላማ ሳይጠራ ገዛ። ገንዘብ ሲያጥረው፣ በጦርነት ጊዜ ከባሕር ዳር ከተሞች ይሰበሰብ የነበረውን የመርከብ ግብር በሰላሙ ጊዜ በመላው አገር ላይ ጣለ። ስኮትላንዶች የጸሎት መጽሐፋችን አይለወጥም ብለው ሲያምፁበት ግን ይህ ሁሉ አልበቃ አለው፤ በ1640 ፓርላማ መጥራት ግድ ሆነበት። የተጠሩት አባላትም የ11 ዓመት ቂም ይዘው መጡ።

ጃንዋሪ 4 ቀን 1642 ንጉሡ ወታደሮች አስከትሎ ወደ ታችኛው ምክር ቤት ገባ። ሊይዛቸው የፈለገ አምስት አባላት ነበሩ፤ እነርሱ ግን ወሬው ደርሷቸው በቴምዝ ወንዝ በጀልባ አምልጠዋል። የት እንደሄዱ አፈ ጉባኤውን ዊልያም ሌንታልን ጠየቀው። ሌንታል በንጉሡ ፊት ተንበርክኮ፣ ምክር ቤቱ ካላዘዘው በቀር የሚያይበት ዐይንም የሚናገርበት አንደበትም እንደሌለው መለሰ። ጉልበቱ ለንጉሡ ክብር ሰጠ፤ ቃሉ ግን ለምክር ቤቱ ታመነ። ከእንግሊዝ ታሪክ አንድ ሰዓት ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው፤ ዛሬም አገሪቱ ለዘውዷ የምታሳየው አክብሮትና የምትነፍገው ሥልጣን ሁለቱም በዚያ መልስ ውስጥ አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ንጉሥ ወይም ንግሥት ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ሳለ ወደ አዳራሹ ገብቶ አያውቅም። በመልእክተኛው ፊት በሩ የሚዘጋውም ይህን ለማስታወስ ነው።

የፓርላማው መክፈቻ ዕለት ሥርዓት ሌላም አለው። ንጉሡ ከመምጣታቸው በፊት የክብር ዘበኞች ፋኖስ ይዘው የፓርላማውን ምድር ቤት ይፈትሻሉ፤ ይህ በ1605 እነ ጋይ ፎክስ ንጉሡንና ፓርላማውን ባንድነት ለማጋየት 36 በርሜል ባሩድ በሸሸጉበት ሤራ የመጣ ልማድ ነው። ንጉሡ በፓርላማ እስካሉ ድረስ ደግሞ አንድ የምክር ቤት አባል በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት «መያዣ» ሆኖ ይቆያል። ዛሬ በክብር እየተስተናገደ ነው የሚቆየው፤ ልማዱ ሲጀመር ግን ንጉሡና ፓርላማው አንዱ ሌላውን አያምንም ነበር።

ቀዳማዊ ቻርልስ ከፓርላማው ጋር በገጠመው ሁለት ዙር የእርስ በርስ ጦርነት ተሸነፈ። በዌስትሚንስተር አዳራሽ በሕዝቡ ላይ ጦር በማንሣት ተከሰሰ፤ የችሎቱን ሥልጣን አልቀበልም ብሎ መልስ ሳይሰጥ ተፈረደበት። ጃንዋሪ 30 ቀን 1649 በኋይትሆል አንገቱ ተቀላ። ብርዱ ቢያንቀጠቅጠው ሕዝቡ ፈራ እንዳይለው ሁለት ሸሚዝ ደርቦ ነበር የወጣው። ዘውዳዊው አገዛዝም ተሻረ፤ የጥንቱ የንግሥ ዕቃ ተሸጠ፣ ወርቁም ቀለጠ። አገሩን መግዛት የጀመረው የፓርላማው ጦር መሪ ክሮምዌል ንጉሥ እንዲሆን ሲጠየቅ እምቢ አለ፤ እርሱ ከሞተ በኋላ ግን አስተዳደሩ ፈራረሰና በ1660 የተገደለው ንጉሥ ልጅ፣ ዳግማዊ ቻርልስ፣ ከስደት ተጠርቶ መጣ። ዛሬ ነገሥታቱ የሚቀዳጁት የቅዱስ ኤድዋርድ ዘውድ በ1661 ለእርሱ የተሠራ ነው፤ ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከቀድሞዎቹ ዕቃዎች ከጥፋት ከተረፉት ጥቂቶች አንዷ በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራች የቅብዓት ማንኪያ ናት።

ተመልሶ የመጣው ዘውድ የድሮው አልነበረም። የዳግማዊ ቻርልስ ወንድም ዳግማዊ ጄምስ ካቶሊክ ሆኖ በፓርላማ የወጡ ሕጎችን በራሱ ፈቃድ ማገድ ሲጀምር፣ የአገሩ ታላላቅ ሰዎች የሴት ልጁን የሜሪን ባል፣ የኔዘርላንዱን ዊልያምን፣ ከነጦሩ ጋበዙ፤ ጄምስም በ1688 መጨረሻ ሸሸ። ፓርላማው ዘውዱን ለዊልያምና ለሜሪ ሲሰጥ የመብቶችን ሰነድ አብሮ አነበበላቸው፦ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር መጣል፣ ሕግ ማገድ፣ በሰላም ጊዜ ቋሚ ጦር ማቆም ሕገ ወጥ ነው። በ1701 ደግሞ ፓርላማው የአልጋ ወራሽነቱን ራሱን በሕግ ወሰነ። በዚያ ሕግ መሠረት በዘር የሚቀድሙ ከ50 በላይ ካቶሊኮች ታልፈው ዘውዱ ወደ ጀርመን አገር ወደ ሃኖቨር ቤት ሄደ። በ1714 የነገሠው ቀዳማዊ ጆርጅ እንግሊዝኛው ደካማ ነበር፤ ሚኒስትሮቹ ያለ እርሱ መሰብሰብ ለመዱ፤ ሮበርት ዋልፖልም የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ተብሎ የሚጠራ ሰው ሆነ። ንጉሥ የሚሆነውን የሚወስነው ፓርላማ መሆኑም በዚህ ታየ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሐል የንግሥ ሥርዓቱ ሳይናወጥ መቆየቱ ያስደንቃል። ሜይ 6 ቀን 2023 ንጉሥ ቻርልስ የተቀመጡበት የእንጨት ወንበር በ1300 ገደማ ለቀዳማዊ ኤድዋርድ የተሠራ ነው፤ የተሠራውም በ1296 ከስኮትላንድ ነጥቆ ያመጣውን የነገሥታት መቀመጫ ድንጋይ በሥሩ እንዲይዝ ነው። ድንጋዩ በ1996 ለስኮትላንድ ተመልሷል፤ አሁን ለንግሥ ቀን ብቻ በውሰት ይመጣል።

ሥርዓቱ የሚጀምረው ንጉሡን ለሕዝቡ በማሳየት ነው። ቀጥሎ መሐላው ይመጣል፦ በየአገሩ ሕግና ልማድ ለመግዛት ይምላሉ። ዘውዱ ከመሐላው በኋላ እንጂ በፊት አይደፋም። ከመሐላው በኋላ ግን አንድ ፓርላማ ያልነካው ነገር አለ፤ እርሱም ቅብዓቱ ነው። ንጉሡ የክብር ልብሳቸውን አውልቀው በነጭ ሸሚዝ ብቻ ይቀመጣሉ፤ በዙሪያቸው መጋረጃ ይቆማል፤ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ እጃቸውን፣ ደረታቸውንና ራሳቸውን ይቀባል። በዚያን ጊዜ የሚዘመረው ሃንደል በ1727 የደረሰው «ካህኑ ሳዶቅ» የተባለ መዝሙር ነው፤ ሳዶቅ ንጉሥ ሰሎሞንን የቀባው ካህን መሆኑን የእኛ አንባቢ አያጣውም። የኢትዮጵያ ነገሥታት ራሳቸውን ከሰሎሞን ዘር ቆጥረው ሲቀቡ፣ የእንግሊዞቹ የዘር ነገር ሳያነሡ የሰሎሞንን ሥርዓት ወሰዱ። ለንጉሥ ቻርልስ የተዘጋጀው ዘይት ከደብረ ዘይት ተራራ ወይራ ተጨምቆ በኢየሩሳሌም የተባረከ ነበር። በ1953 ንግሥት ኤልሣቤጥ ዘውድ ሲደፉ ሥርዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ በቴሌቪዥን ቢተላለፍም፣ ቅብዓቱን ካሜራ አላየውም። በ2023ም አላየውም።

የተለወጠም አለ። በ1953 ገዳሙ ውስጥ ከ8 ሺህ በላይ ሰው ታጭቆ ነበር፤ በ2023 የተጠሩት 2,300 ያህል ናቸው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ምንባቡን ያነበቡት የሂንዱ እምነት ተከታይ የሆኑት የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ነበሩ። መኳንንት በየተራ ተንበርክከው ታማኝነታቸውን የሚገልጹበት ረጅም ክፍልም ቀርቶ፣ ከንጉሣዊው ቤተሰብ የተንበረከኩት ልዑል ዊልያም ብቻ ሆኑ።

ጥንታዊ መስሎ የሚታየው ሁሉ ግን ጥንታዊ አይደለም። በ1838 ንግሥት ቪክቶሪያ ዘውድ ሲደፉ ሥርዓቱን በቅጡ የሚያውቅ አልነበረም፤ ቀለበቱ በማይሆን ጣት በግድ ገብቶ አሳመማቸው፣ አንድ ሽማግሌ ባላባትም ከደረጃው ተንከባለሉ። አሁን የምናየው እንከን የለሽ ትዕይንት አብዛኛው የመጣው ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። «ዊንዘር» የሚለው የቤተሰቡ ስም እንኳ የተመረጠው በ1917፣ ከጀርመን ጋር በሚደረገው ጦርነት መካከል፣ የጀርመን ስማቸው ስላሳፈራቸው ነው። ዘውዱ ሥልጣኑ እየሳሳ በሄደ መጠን ጌጡ እየበዛ መሄዱን እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል።

ይህን የሥልጣን ሽግግር ካለማወቅ የመጣ አንድ ታሪክ ከእኛ ጋር ይያያዛል። ዓፄ ቴዎድሮስ በ1862 መጨረሻ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የጻፉት እንደ ንጉሥ ለንጉሥ፣ እንደ ክርስቲያን ለክርስቲያን ነበር፤ ወዳጅነት ፈልገው፣ መልእክተኞቻቸው በደኅና እንዲያልፉ ጠይቀው። እርሳቸው በቃላቸው የሚሾሙ፣ በቃላቸው የሚሽሩ ንጉሥ ነበሩ፤ የእንግሊዝም ንግሥት እንዲሁ መስላ ብትታያቸው አያስገርምም። ደብዳቤው በ1863 መጀመሪያ ለንደን ሲደርስ ግን የተቀበለው የሎርድ ራስል የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ ያሉ ሰዎች መልስ አያሻውም ብለው አስቀመጡት። ቴዎድሮስ ዝምታውን ከንግሥቲቱ እንደ ተላከ ንቀት ቆጠሩት። የእንግሊዝን ቆንስል ካሜሮንን አሰሩ። የቪክቶሪያ ስም ያለበት መልስ በመጨረሻ ሲመጣ ዓመታት አልፈው ነበር።

ቀጥሎ የሆነውም እንዲሁ የፓርላማው ነው። በኖቬምበር 1867 ፓርላማው ለዚሁ ጉዳይ ተጠርቶ እነ ካሜሮንን ለማስለቀቅ ለታሰበው ዘመቻ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ፈቀደ፤ የገቢ ግብርም ጨመረ። ወጪው በመጨረሻ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሆነ። የዘመቻው አዛዥ የጄኔራል ኔፒየር ጦር በኤፕሪል 1868 መቅደላን ያዘ፤ ዓፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ከመስጠት ሞትን መረጡ። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ እናቱ በመንገድ ሞታበት ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ቪክቶሪያ ልጁን ወደዱት፤ ነገር ግን የት እንደሚኖርና ማን እንደሚያስተምረው የሚወስነው ወጪውን የሚከፍለው መንግሥት ነበር። በ18 ዓመቱ በ1879 ሊድስ ውስጥ ሲሞት፣ ንግሥቲቱ በማስታወሻቸው ላይ ሐዘናቸውን ጽፈው በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እንዲቀበር አደረጉ። ይኸው ቤተ ክርስቲያን በ1348 ገደማ የተመሠረተው የጋርተር ኒሻን ማኅበር ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ዓፄ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ለጉብኝት ሲሄዱ ያ ኒሻን ተሰጥቷቸዋል።

ከመቅደላ የሄደውን ቅርስ ለማስመለስ የሚጥር ኢትዮጵያዊ የትኛው በር የማን እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። በብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን ታቦታት በተመለከተ ንጉሡ ቢወዱም ሊያዙ አይችሉም፤ ሙዚየሙ ከስብስቡ ማውጣት የሚችለውን የሚወስነው በ1963 የወጣ የፓርላማ ሕግ ነው። የዊንዘሩ ቤተ ክርስቲያን ግን በማንኛውም ጳጳስ ሥር ሳይሆን በቀጥታ በዘውዱ ሥር ከሚተዳደሩት ጥቂት አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው። ስለዚህም በ2023 የልዑሉ ዐፅም ይመለስ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ መልስ የሰጠው ቤተ መንግሥቱ ነው፤ መልሱም በዙሪያው ያሉትን የሌሎች ሙታን ማረፊያ ሳይረብሹ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር። ይህ ዘውዱ «ሥልጣን የለኝም» ሊልበት የማይችል ጉዳይ ነው። ልጁ ወደ አገሩ መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ መጠየቅ ያለባቸውም ንጉሡ ራሳቸው ናቸው።

ዛሬ የንጉሡ የየቀኑ ሥራ ቀይ የቆዳ ሣጥን ውስጥ የሚመጡ የመንግሥት ወረቀቶችን ማንበብና መፈረም፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ለብቻ መነጋገር፣ አምባሳደሮችን መቀበል ነው። በሳምንታዊው ንግግር ቃለ ጉባኤ አይያዝም። ዋልተር ባጆት የተባለው ጸሐፊ በ1867 የንጉሥን መብት በሦስት ከፍሎት ነበር፦ መማከር፣ ማበረታታት፣ ማስጠንቀቅ። ንግሥት ኤልሣቤጥ በ70 ዓመት ዘመናቸው ከቸርችል እስከ ትራስ 15 ጠቅላይ ሚኒስትሮችን እንዲህ አነጋግረዋል፤ ምን እንዳሏቸው ግን አልወጣም። ሕግ ያለ ንጉሡ ይሁንታ አይጸናም፤ ነገር ግን ይሁንታውን ለመጨረሻ ጊዜ የነፈገችው ንግሥት አን ናት፣ በ1708። ስምንተኛው ኤድዋርድ በ1936 ሁለት ጊዜ የፈታች ሴት ላግባ ሲል ካቢኔው አልተቀበለውም፤ ዙፋኑን ለቀቀ። በ2019 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማው ለአምስት ሳምንት እንዲዘጋ ሲመክሩ ንግሥቲቱ ፈቀዱ፤ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 11 ዳኞች በአንድ ድምፅ ምክሩ ሕገ ወጥ ነበር ሲሉ ፓርላማው ተመልሶ ተከፈተ። ንግሥቲቱን ግን የወቀሰ ጥቂት ነበር፤ እምቢ ማለት ይችሉ ነበር ብሎ የሚያስብ ብዙ አልነበረምና።

ወጪውም በሕግ የታሰረ ነው። ሣልሳዊ ጆርጅ በ1760 የዘውዱን መሬቶች ገቢ ለመንግሥት አስረክቦ በምትኩ ዓመታዊ በጀት ተቆረጠለት። አሁንም ገቢው ለመንግሥት ግምጃ ቤት ይገባና ከትርፉ የተወሰነ መቶኛ እየተሰላ ለቤተ መንግሥቱ ሥራ ይከፈላል። ንግሥት ኤልሣቤጥ ከ1993 ጀምሮ በፈቃዳቸው የገቢ ግብር መክፈል ጀምረው ነበር፤ ልጃቸውም ቀጥለዋል።

አልጋ ወራሽነቱ ላይ የመጨረሻው ለውጥ የመጣው በ2013 በወጣ ሕግ ነው፤ ታናሽ ወንድም ታላቅ እኅቱን መቅደሙ ቀረ፣ ካቶሊክ ማግባትም ከተራ አያስወጣም፤ ንጉሡ ራሱ ካቶሊክ መሆን ግን እስካሁን አይችልም። ሕጉ በሥራ ላይ የዋለው የሌሎቹም አገሮች ስምምነት ከተገኘ በኋላ በ2015 ነው፤ ምክንያቱም ዘውዱ የእንግሊዝ ብቻ አይደለም፤ ዛሬ ቻርልስ ከእንግሊዝ ጋር የካናዳ፣ የአውስትራሊያ፣ የኒውዚላንድ፣ የጃማይካና የሌሎችም፣ በጠቅላላው የ15 አገሮች ንጉሥ ናቸው። ባርቤዶስ በ2021 መጨረሻ ከዚህ ወጥታ ሪፐብሊክ ሆናለች። አውስትራሊያ በ1999 ሕዝቧን ጠይቃ 55 ከመቶ ያህሉ ዘውዱ ይቆይ ብሏል። በካናዳ ደግሞ ዘውዱን ለማንሣት ሁለቱ ምክር ቤቶችና ዐሥሩም ክፍላተ ሀገር አንድ ሳይቀር መስማማት ስላለባቸው፣ ዘውዱን የማይፈልጉ ብዙ ፖለቲከኞች እንኳ ጉዳዩን ሳያነሡ ያልፉታል።